ላይብኒዝ፦ ለሁሉም ነገር ምክንያት የጠየቀው የመንግሥት አገልጋይ

ዓለም በፈላስፋነቱና በሒሳብ ሊቅነቱ የሚያውቀው ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒዝ የዕለት እንጀራውን ያገኝ የነበረው በመንግሥት አገልጋይነት ነው። በሰሜን ጀርመን በምትገኘው የሃኖቨር ከተማ ለ40 ዓመታት ያህል ሦስት ተከታታይ ገዢዎችን በአማካሪነት፣ በቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት፣ በማዕድን መሐንዲስነትና በታሪክ ጸሐፊነት አገልግሏል። ሒሳቡንም ሆነ ፍልስፍናውን ይሠራ የነበረው ከእነዚህ ኃላፊነቶች በሚተርፈው ሰዓት፣ አንዳንዴም በሠረገላ ተሳፍሮ ረጅም መንገድ በሚጓዝበት ጊዜ ነበር።

አሠሪዎቹ ከእርሱ ከሁሉ አስቀድመው የጠበቁት አንድ የታሪክ መጽሐፍ ነበር። ላይብኒዝ ያንን መጽሐፍ ሳይጨርስ ሞተ። በአሠሪዎቹ ዘንድ የታዘዘውን ያላደረሰ ሠራተኛ ተደርጎ የተቀበረው ይህ ሰው ግን ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን የካልኩለስ ሒሳብ ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ኮምፒውተሮች የሚሠሩበትን የሁለት አሃዝ የቁጥር ሥርዓትም በዝርዝር አጥንቶ ለዓለም አስተዋውቋል። ከሁሉም በላይ ምንም ነገር ያለ በቂ ምክንያት አይሆንም የሚለውን መርህ የፍልስፍናው ዋልታ በማድረግ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጦርነት ዘመን የተወለደ ሊቅ

ላይብኒዝ በ1646 በላይፕሲግ ከተማ ተወለደ። ወቅቱ የጀርመን ምድር የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት በመባል በሚታወቀው እልቂት ውስጥ የነበረችበት ነው። በ1618 በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል በተነሣ ጠብ የተጀመረው ይህ ጦርነት የጎረቤት ኃያላንን ጣልቃ ገብነት ጋብዞ፣ መንደሮችን አውድሞ፣ ሕዝቡንም በጦር፣ በረሃብና በወረርሽኝ ፈጅቶ በ1648 በዌስትፋሊያ ስምምነት ተቋጨ። አገሪቱም የየራሳቸው ገዢና ሕግ ባሏቸው በመቶዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ግዛቶች ተከፋፍላ ቀረች። ላይብኒዝ ያደገው በዚህ ጦርነት ፍርስራሽ መካከል ነው። የተጣሉ ወገኖች ሊስማሙበት የሚችሉበትን መንገድ መፈለግም የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ።

አባቱ በላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ነበሩ። ልጃቸው ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ሳለ ቢሞቱም ያወረሱት የመጻሕፍት ክምችት ለብላቴናው ሁለተኛ ትምህርት ቤት ሆነለት። የዘመኑ የምሁራን ቋንቋ የነበረውን ላቲንን በአብዛኛው በራሱ ጥረት የተማረው በእነዚሁ መጻሕፍት አማካይነት ነው።

በ14 ዓመቱ ወደ ላይፕሲግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፍልስፍናና ሕግ አጠና። በ1666 በሕግ የዶክትሬት ማዕረግ እንዲሰጠው ሲጠይቅ ግን ዩኒቨርሲቲው ሳይቀበለው ቀረ። ለዚህም የዕድሜው ማነስ ምክንያት እንደነበር ይታመናል። ላይብኒዝ የትውልድ ከተማውን ትቶ በኑረምበርግ አቅራቢያ ወደነበረው የአልትዶርፍ ዩኒቨርሲቲ በማምራት በ1667 ማዕረጉን ተቀበለ። ዕድሜው ገና 20 ዓመት ነበር። እዚያው በፕሮፌሰርነት እንዲያስተምር ዕድል ቢከፈትለትም አልተቀበለውም። ዕውቀት በመማሪያ ክፍል ተወስኖ ሊቀር አይገባም፤ በሕግ፣ በአስተዳደርና በሕዝብ ኑሮ ላይ ሊውል ይገባል የሚል እምነት ስለነበረው መንግሥታዊ አገልግሎትን መረጠ።

ከማይንስ እስከ ፓሪስ

የመጀመሪያ አሠሪው የማይንስ ሊቀ ጳጳስና ገዢ የነበሩት ዮሐን ፊሊፕ ፎን ሾንቦርን ናቸው። አሠሪው ካቶሊክ፣ ላይብኒዝ ደግሞ ፕሮቴስታንት ቢሆኑም ይህ ልዩነት ሥራውን አላደናቀፈውም። ወጣቱ የሕግ ባለሙያ የተሰማራው የተዘበራረቁትን የግዛቱን ሕግጋት መርምሮ በሥርዓት በማደራጀት ላይ ነበር።

በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሆላንድን ለመውረር እየተዘጋጁ ስለነበር የጀርመን ግዛቶች ሌላ ጦርነት ያንዣብብባቸው ነበር። ላይብኒዝ ለዚህ ስጋት መፍትሔ ይሆናል ያለውን ዕቅድ አረቀቀ። ዕቅዱ የፈረንሳይ ሠራዊት ፊቱን ከአውሮፓ ወደ ግብፅ እንዲያዞር ንጉሡን ለማሳመን የታሰበ ነበር። ይህንኑ ይዞ በ1672 ወደ ፓሪስ ቢላክም ንጉሡ ዘንድ ሳይቀርብ ቀረ፤ የሆላንድ ጦርነትም በዚያው ዓመት ተጀመረ። ዕቅዱ ለራስ አገር ሰላም ሲባል ጦርነትን ወደ ሌላ ሕዝብ ምድር የሚያሻግር ስለነበር፣ በኋላ ዘመን በሰላም ወዳድነቱ የተወደሰው ሰው ያልተሻገረውን የዘመኑን አስተሳሰብ ድንበር ያሳያል።

የዲፕሎማሲ ተልዕኮው ባይሳካም በፓሪስ ያሳለፋቸው አራት ዓመታት የሕይወቱ ፍሬያማ ዘመን ሆኑ። ሆላንዳዊው የሒሳብና የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ ምን ማንበብ እንዳለበት እየጠቆመ ወደ ዘመኑ ከፍተኛ ሒሳብ መራው። ላይብኒዝ መደመርና መቀነስ ብቻ ሳይሆን ማባዛትና ማካፈልም የሚችል የሒሳብ ማሽን ነድፎ፣ ገና ያልተጠናቀቀውን ሞዴል በ1673 ለንደን ለሚገኘው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ አሳየ። በዚያው ዓመትም የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ። የማሽኑ ዓላማ የተማሩ ሰዎች ለአሰልቺ ስሌት የሚያጠፉትን ጊዜ ለበለጠ ሥራ ማዳን ነበር።

በ1675 መጸው ደግሞ ያለማቋረጥ የሚለዋወጡ መጠኖችን ማስላት የሚያስችለውን ካልኩለስ ደረሰበት። በእነዚያ ወራት በማስታወሻ ወረቀቶቹ ላይ የፈጠራቸው ምልክቶች እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ዙሪያ በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ይሠራባቸዋል።

የሃኖቨር አገልግሎት

በፓሪስ ቋሚ ሥራ ማግኘት ያልቻለው ላይብኒዝ በ1676 መጨረሻ ሃኖቨር ገብቶ በመስፍን ዮሐን ፍሪድሪክ ሥር መሥራት ጀመረ። ወደዚያ ሲያመራ በሆላንዷ የሄግ ከተማ ከፈላስፋው ባሩክ ስፒኖዛ ጋር ተገናኝቶ ተወያይቷል። ስፒኖዛ ከጥቂት ወራት በኋላ በ1677 ሞተ። ደካርት፣ ስፒኖዛና ላይብኒዝ ራሽናሊዝም የሚባለው፣ የሰው ልጅ አእምሮ በአመክንዮ ብቻ ታላላቅ እውነቶችን ሊደርስባቸው ይችላል የሚለው የፍልስፍና ጎራ ሦስት ምሰሶዎች ተደርገው ይቆጠራሉ።

የላይብኒዝ ዋና ሥራ ቤተ መጻሕፍቱን ማስተዳደር ቢሆንም ከተሰጠው የሥራ ድርሻ ባሻገር ለገዢዎቹ የሚያቀርባቸው የማሻሻያ ሐሳቦች ማብቂያ አልነበራቸውም። የመንግሥት ሰነዶች ተለይተውና ተመዝግበው የሚቀመጡበት ቤተ መዛግብት እንዲደራጅ አሳሰበ። በእሳትና በጎርፍ ንብረታቸው የሚወድምባቸው ዜጎች ብቻቸውን እንዳይቀሩ ሕዝባዊ የመድን ዋስትና እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ጉዳት የደረሰበትን ሰው ሸክም ማኅበረሰቡ በጋራ ሊሸከመው ይገባል የሚል አቋም ነበረው። ከእነዚህ ሐሳቦች ብዙዎቹ በሕይወት ሳለ ከወረቀት አላለፉም።

ከወረቀት ያለፈውና ብዙ ያደከመው በሐርዝ ተራሮች የነበረው ሥራ ነው። የሃኖቨር ግዛት ዋነኛ የገቢ ምንጭ የሆኑት የብር ማዕድን ጉድጓዶች በውኃ እየተሞሉ ሥራ ይስተጓጎል ነበር። ላይብኒዝ ውኃው በነፋስ ኃይል በሚንቀሳቀሱ ፓምፖች እንዲወጣ ሐሳብ አቅርቦ ለዓመታት ወደ አካባቢው ተመላለሰ። ይሁን እንጂ ነፋሱ የታሰበውን ያህል አልነፈሰም፤ መሣሪያዎቹ ይበላሹ ነበር፤ የማዕድን ሥራው ኃላፊዎችም በውጥኑ ደስተኛ አልነበሩም። ፕሮጀክቱ በ1685 ተቋረጠ። ላይብኒዝ ግን በጉድጓዶቹ ውስጥ ያያቸውን የድንጋይ ንጣፎችና ቅሪተ አካላት በማጥናት ስለ ምድር አመጣጥ የሚያትት መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ የታተመው ደራሲው ከሞተ ከ33 ዓመታት በኋላ፣ በ1749 ነው።

ያላለቀው መጽሐፍ

የሐርዝ ፕሮጀክት በተቋረጠበት ዓመት የዮሐን ፍሪድሪክ ወንድምና ወራሽ መስፍን ኤርንስት አውጉስት ለላይብኒዝ ሌላ ሥራ ሰጡት፤ የገዢውን ቤተሰብ የትውልድ ሐረግና ታሪክ እንዲጽፍ አዘዙት። ትእዛዙ ፖለቲካዊ ዓላማ ነበረው። በዘመኑ የጀርመንን ንጉሠ ነገሥት የመምረጥ መብት የነበራቸው ጥቂት መሳፍንት ብቻ ስለነበሩ የሃኖቨር ቤተሰብም ጥንታዊነቱን በማስረጃ አስደግፎ ይህን ማዕረግ ለማግኘት ይሻ ነበር።

ላይብኒዝ ከ1687 እስከ 1690 በደቡብ ጀርመን፣ በኦስትሪያና በኢጣሊያ እየተዘዋወረ ቤተ መዛግብትንና ገዳማትን መረመረ። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣን ወሬ እንደ ማስረጃ አልተቀበለም። በመጨረሻም የሃኖቨር ገዢዎችና ኤስቴ የተባለው የኢጣሊያ መሳፍንት ቤተሰብ ከአንድ ግንድ የተገኙ መሆናቸውን በሰነድና በመቃብር ላይ ጽሑፎች አረጋገጠ። በ1692 የመራጭነት ማዕረጉ ለሃኖቨር ሲሰጥ የላይብኒዝ ጥናት አስተዋጽኦ አድርጓል። በዚሁ ጉዞ በሮም ሳለ ታላቁን የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የማስተዳደር ኃላፊነት ቢታጭለትም ሹመቱ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የሚጠይቅ ስለነበር ሳይቀበለው ቀርቷል።

ገዢዎቹ የፈለጉት አጭርና የሚያኮራ የቤተሰብ ታሪክ ነበር። ላይብኒዝ ግን እያንዳንዱ ቃል በማስረጃ ካልተደገፈ ለመጻፍ ፈቃደኛ አልነበረም። ከ768 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የምዕራቡን ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ታሪክ በየዓመቱ እየመረመረ ሲጽፍ፣ ሕይወቱ ሲያልፍ የደረሰው ገና 1005 ላይ ነበር። በመካከሉ የሰበሰባቸውን ጥንታዊ ሰነዶች በሦስት ትላልቅ ጥራዞች አሳትሟል። አሠሪዎቹን ያስቆጣው መዘግየት ስንፍና አልነበረም፤ ያለ በቂ ምክንያት ምንም ነገር እውነት ነው ላለማለት የነበረው ጽናት ነው።

ምክንያት የሌለው ነገር የለም

የዚህ ጽናት መሠረት የበቂ ምክንያት መርህ የተባለው አስተሳሰብ ነው። በላይብኒዝ እምነት ማንኛውም ነገር የሆነበትና በሌላ መንገድ ያልሆነበት በቂ ምክንያት አለው። ምክንያቱ ለሰው ልጅ የተሰወረ ሊሆን ይችላል፤ የለም ማለት ግን አይቻልም። ከዚህም በመነሣት እውነቶችን በሁለት ከፈላቸው። አንደኛው በአመክንዮ ብቻ የሚረጋገጠው ነው፤ የሦስት ማዕዘን ውስጣዊ አንግሎች ድምር 180 ዲግሪ መሆኑ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው በተግባር የተፈጸመ ነገር እውነት ነው፤ የሮማው የጦር መሪ ቄሳር የሩቢኮንን ወንዝ መሻገሩ በሌላ መልኩ ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

የላይብኒዝ ትልቁ ምኞት የሰው ልጅ ሐሳቦች ሁሉ እንደ ቁጥር በምልክት የሚጻፉበትና የሚሰሉበት ዓለም አቀፋዊ ቋንቋ መፍጠር ነበር። ይህ ቢሳካ ተከራካሪዎች ድምፃቸውን ከፍ በማድረግ ወይም ሰይፍ በመምዘዝ ፈንታ ብዕር አንሥተው በጋራ እንደሚያሰሉና ስህተቱ የማን እንደሆነ እንደሚታወቅ ያምን ነበር። ምኞቱ አልተሳካም፤ ከሰው ልጅ ጠባይ አንጻርም ሊሳካ መቻሉ ያጠራጥራል። ሆኖም ዘመናዊው የምልክት አመክንዮና የኮምፒውተር ሳይንስ የሩቅ አባታቸው አድርገው የሚቆጥሩት እርሱን ነው። ማንኛውንም ቁጥር በዜሮና በአንድ ብቻ መጻፍ የሚያስችለውን ሥርዓት በ1679 በማስታወሻው ካሰፈረ በኋላ፣ ባይነሪ በመባል በሚታወቀው በዚህ ሥርዓት ላይ ያዘጋጀውን ጥናት በ1703 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ አቅርቧል።

በ1714 በጻፈውና ሞናዶሎጂ በተባለው አጭር ሥራው ደግሞ ከነገሮች ሁሉ ሥር ሞናድ ብሎ የሰየማቸው የማይከፋፈሉ ረቂቅ ህልውናዎች እንዳሉ አስረዳ። እያንዳንዱ ሞናድ መላውን ዓለም ከራሱ አቅጣጫ ያንጸባርቃል። አንድ ከተማ ከተለያየ ቦታ ለሚመለከቱት ሰዎች የተለያየ መስሎ እንደሚታይ ሁሉ፣ ዓለምም አንድ ሆኖ ሳለ እንደ ተመልካቹ ይለያያል። ላይብኒዝ ይህንን አስተሳሰብ ወደ አስተዳደርም አምጥቶታል። ራስን በሌላው ሰው ቦታ አስቀምጦ ማየት ለፖለቲካም ሆነ ለሥነ ምግባር ትክክለኛው መመልከቻ እንደሆነ ጽፏል። የካቶሊክና የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትን ለማስታረቅ ለዓመታት ያደረገው የደብዳቤ ልውውጥም ከዚሁ የመነጨ ነበር።

ብዙ ትችት ያስከተለበት በ1710 ቴዎዲሲ በሚል ርዕስ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ቸር የሆነ ፈጣሪ ባለበት ዓለም ክፋትና መከራ ስለምን ኖሩ ለሚለው ጥያቄ፣ ፈጣሪ ይህንን ዓለም የፈጠረው ሊኖሩ ከሚችሉ ዓለማት ሁሉ የተሻለው በመሆኑ ነው የሚል መልስ ሰጠ። በ1755 የፖርቱጋሏ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈረሰች በኋላ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር በ1759 ባሳተመው ካንዲድ በተሰኘ ልብ ወለድ በዚህ አስተሳሰብ ላይ ክፉኛ ተሳልቋል። ላይብኒዝ ግን ይህ ዓለም እንከን የለውም አላለም። ሰዎች ያለፈውን በትዕግሥት ተቀብለው የወደፊቱን ለማሻሻል እንዲተጉ የሚያሳስበውም እርሱ ራሱ ነው።

የሉዶልፍ ወዳጅ

የላይብኒዝ የዕውቀት ጥማት ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ጋርም አገናኝቶታል። በ1687 ለታሪክ ጥናቱ ወደ ደቡብ ሲጓዝ በፍራንክፈርት ከተማ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቀ። ሉዶልፍ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት መሥራች ተብሎ የሚታወቅ ጀርመናዊ ሊቅ ነው። ሉዶልፍን ያስተማሩት ደግሞ ኢትዮጵያዊው ካህን አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሁለቱ በ1649 በሮም ከተገናኙ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በጎታ መስፍን ግብዣ ወደ ጀርመን ሄደው ስለ ግዕዝ፣ ስለ አማርኛና ስለ አገራቸው ታሪክ አስተምረውታል። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የዚህ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው።

ላይብኒዝና ሉዶልፍ ለረጅም ዓመታት በደብዳቤ ተገናኝተዋል። የውይይታቸው ዋና ጉዳይ የቋንቋዎች ዝምድና ነበር። ላይብኒዝ የሕዝቦችን ጥንታዊ ታሪክ ለመረዳት ከሕንፃና ከመዛግብት የበለጠ ዕድሜ ያለው ቅርስ ቋንቋቸው ነው ብሎ ያምን ስለነበር ከየአገሩ የቃላት ናሙና ያሰባስብ ነበር። ለቻይናም ተመሳሳይ ጉጉት ነበረው፤ በ1697 ባሳተመው መጽሐፍ አውሮፓና ቻይና እርስ በርስ ሊማማሩ እንደሚገባ አሳስቧል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ላይብኒዝን በሃኖቨር ቤተ መንግሥት ከሁሉ በላይ የተረዱት የኤርንስት አውጉስት ባለቤት ሶፊና ልጃቸው የፕሩሺያ ንግሥት ሶፊ ሻርሎት ነበሩ። በንግሥቲቱ ድጋፍ በ1700 የበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ሲመሠረት ላይብኒዝ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ታላቁ የሩሲያ ንጉሥ ጴጥሮስም ከእርሱ ጋር ተገናኝተው በ1712 የሕግ አማካሪያቸው አድርገው ሾመውታል። ንግሥቲቱ በ1705፣ እናታቸው ሶፊ ደግሞ በ1714 ሲሞቱ ግን የሚከላከልለት ሰው አጣ።

በዚሁ ጊዜ ካልኩለስን መጀመሪያ ያገኘው ማን ነው በሚለው ክርክር ስሙ እየጎደፈ ነበር። እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ቀደም ብሎ ቢደርስበትም ለኅትመት አላበቃውም፤ ላይብኒዝ ግን በ1684 አሳትሞታል። በ1712 ሮያል ሶሳይቲ ያቋቋመው ኮሚቴ ለኒውተን ፈረደ። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኒውተን ራሱ ነበር፤ ሪፖርቱንም በስውር ያዘጋጀው እርሱ መሆኑ በኋላ ተረጋግጧል። ሁለቱ ሊቃውንት በየፊናቸው እንደደረሱበት ዛሬ የታሪክ አጥኚዎች ይስማማሉ።

በ1714 ሦስተኛው አሠሪው ጌኦርግ ሉድቪግ ቀዳማዊ ጆርጅ ተብለው የእንግሊዝን ዙፋን ሲወርሱ ላይብኒዝ ለረጅም ጊዜ ከቆየበት ከቪየና ተቻኩሎ ተመለሰ። ሃኖቨር ሲደርስ ንጉሡ ከጥቂት ቀናት በፊት ተነሥተው ሄደው ነበር። ወደ ለንደን ለመከተል ያቀረበው ጥያቄም ተቀባይነት አላገኘም፤ ታሪኩን ሳይጨርስ ከሃኖቨር እንዳይንቀሳቀስ ታዘዘ። በሪህ ሕመም እየተሠቃየም መጻፉን ቀጠለ። በ1716 ኅዳር ወር በ70 ዓመቱ አረፈ። በቀብሩ ላይ ከረዳቱ በስተቀር የቤተ መንግሥት ሹማምንት አልተገኙም። በፕሬዚዳንትነት የመራው የበርሊን አካዳሚም ሆነ አባል የነበረበት ሮያል ሶሳይቲ በሞቱ ዝም አሉ፤ በ1717 የመታሰቢያ ንግግር የተደረገለት በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ብቻ ነበር። መቃብሩም ለበርካታ አሥርት ዓመታት ስሙ ሳይጻፍበት ቆየ።

ከሞቱ በኋላ መንግሥት ወረቀቶቹን በሙሉ ወርሶ ቆለፈባቸው። የተፈራው የመንግሥት ምስጢር እንዳይወጣ ነበር። ይህ ጥርጣሬ ግን ሳይታሰብ ታላቅ ውለታ ዋለ፤ 200,000 ገጽ ገደማ የሚሆነው ጽሑፉ ሳይበታተን ለትውልድ ተላለፈ። ከ1,100 ያህል ሰዎች ጋር የተጻጻፋቸውን ደብዳቤዎች ዩኔስኮ በ2007 በዓለም የመዛግብት ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የጽሑፎቹ ሙሉ ስብስብ የመጀመሪያ ጥራዝ በ1923 ቢታተምም ሥራው እስከ ዛሬ አልተጠናቀቀም።

አሠሪዎቹ አጥብቀው የጠየቁት የታሪክ መጽሐፍ የታተመው በ1843 እና በ1846 መካከል ነው። በዚያን ጊዜ ሃኖቨርንና እንግሊዝን በአንድ ንጉሥ ሥር ያስተሳሰረው አንድነት ካበቃ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። በ1866 ደግሞ የሃኖቨር መንግሥት ራሱ በፕሩሺያ ተጠቅልሎ ከካርታ ጠፋ። መጽሐፉ እንዲያከብረው የታሰበለት ዙፋን ሲያልፍ፣ የከተማዋ ቤተ መጻሕፍትና ዩኒቨርሲቲ ግን ዛሬ የሚጠሩት መጽሐፉን በሰዓቱ ባላደረሰው አገልጋይ ስም ነው።